የት ከርመህ መጣህ?

ባለፈው ዓመት በጥር ወር አንድ ወጣት ትኩሳትና ድካም ይዞት ወደምሠራበት ጤና ጣቢያ መጣ። ጤና ጣቢያችን ከደሴ ወደ ሐይቅ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለ ነው፤ ዕለቱም የገበያ ቀን ስለነበረ ሰልፉ ከካርድ ክፍሉ መስኮት እስከ ውጭው በር ድረስ ተዘርግቶ ነበር። «ምን ሆነህ ነው?» አልሁት። «ያተኩሰኛል፤ እህል አልቀምስ አለኝ፤ ጉልበቴም ከዳኝ» አለኝ። ወደ ላብራቶሪ ላክሁት፤ የወባ ምርመራው ነፃ ሆኖ፣ ለታይፎይድ የሚደረገው የዊዳል ምርመራ ግን 1:160 ተብሎ ተጽፎበት ተመለሰ። «ታይፎይድ ነው» ብዬ ሲፕሮፍሎክሳሲን ጻፍሁለት፤ እሱም «እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ ወጣ። ከእኔ ጋር የቆየበት ጊዜ ሁሉ ተደምሮ ከሰባት ደቂቃ አልበለጠም።

በመጋቢት ታላቅ ወንድሙ የገዛ ልጁን ሳል ሊያሳይ መጣና፣ ልጁን አይቼ ስጨርስ፣ «ያ ያዩት ወንድሜ እኮ ዶክተር፣ ጎንደር ተኝቶ ታክሞ ነው የወጣው፤ ካላዛር ነው አሉት» አለኝ። (እኔ ጤና መኮንን ነኝ፤ እኛ አገር ግን ነጭ ጋውን የለበሰ ሁሉ ዶክተር ነው።) ቀጠል አድርጎም ልጁ ሐምሌ ላይ ለአረም ወደ መተማ ወርዶ፣ ሰሊጡን አጭዶ ኅዳር ላይ እንደተመለሰ፣ ከእኔም በኋላ ሁለት ቦታ «ታይፎይድ ነው» ተብሎ መድኃኒት እንደወሰደ ነገረኝ። አነጋገሩ ወቀሳ አልነበረበትም፤ እንዲያውም «ያኔ የሰጡት መድኃኒት ትንሽ አሽሎት ነበር» አለኝ፣ ሊያስደስተኝ ፈልጎ መሰለኝ።

ካርዱን አስወጥቼ አየሁት። «ትኩሳት፣ ሦስት ሳምንት» ብዬ በእጄ ጽፌያለሁ። ሦስት ሳምንት የቆየ ትኩሳት በቀላሉ የሚታለፍ ነገር አለመሆኑን እያወቅሁ ጽፌው አልፌያለሁ። ካላዛር ጣፊያን የሚያሳብጥ በሽታ ሆኖ ሳለ ስለ ጣፊያው የተጻፈ ነገር የለም፤ ያልተጻፈውም ሆዱን ስላልዳሰስሁት ነው።

ካላዛርን አላውቅም ነበር ብዬ ማመካኘት አልችልም። ከሁለት ሳምንት በላይ የቆየ ትኩሳት፣ ያበጠ ጣፊያና የክብደት መቀነስ ያለበትን፣ በሽታው ወዳለበት ቆላ ወርዶ የተመለሰን ሰው የሚገልጽ የፈተና ጥያቄ ቢመጣልኝ መልሱን ሳላመነታ እመርጣለሁ። በሽታው በአሸዋ ዝንብ ንክሻ እንደሚተላለፍ፣ መተማና ሁመራ ዋነኛ መገኛዎቹ እንደሆኑ፣ በየክረምቱ ከደጋው ለቀን ሥራ የሚወርዱ ወጣቶች በግራር ሥርና በተሰነጣጠቀው ጥቁር አፈር ላይ ሲያድሩ እንደሚነከሱ፣ አርኬ 39 የሚባል ፈጣን ምርመራ እንዳለው፣ ሶዲየም ስቲቦግሉኮኔትና ፓሮሞማይሲን ተጣምረው ለ17 ቀን በመርፌ እንደሚሰጡ ሁሉ ተምሬአለሁ። ይህ ሁሉ እውቀት በጭንቅላቴ ውስጥ ተቀምጦ ሳለ ያን ዕለት ከአፌ ያልወጣችው «የት ከርመህ መጣህ?» የምትለው የሦስት ቃል ጥያቄ ናት። ሰውየው የእኛው አገር ልጅ ስለሆነ፣ የእኛን አማርኛ ስለሚናገርና የመጣውም ከቅርብ ቀበሌ ስለሆነ፣ በሽታውም ከዚሁ የመጣ መስሎኝ ነበር።

በዚህ የተሳሳትሁት የመጀመሪያው ሰው እኔ አይደለሁም። እ.ኤ.አ. በ2005 በደቡብ ጎንደር በሊቦ ከምከም ወረዳ ካላዛር በወረርሽኝ መልክ ሲገለጥ፣ ሕመሙ በመጀመሪያ መድኃኒት የማይበግረው ወባ ተብሎ ተወስዶ ነበር። ይህ ለእኔ ማስተባበያ እንደማይሆን አውቃለሁ፤ የጠቀስሁትም የታወቀን በሽታ ባልተጠበቀበት ቦታ ማየት ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ስለሚያሳይ ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የሚከነክነኝ ሌላ ነገር ነው። ያ ታላቅ ወንድም የልጁን ሳል ሊያሳይ ባይመጣ ኖሮ፣ ወጣቱን «ካዳንኋቸው» ሰዎች መካከል ቆጥሬው እኖር ነበር። ተኝቶ ሕክምና ክፍል ውስጥ የሚሠራ ሐኪም የሰጠው መድኃኒት ባይሠራ፣ በማግሥቱ ሕመምተኛው እዚያው አልጋ ላይ ሆኖ ይጠብቀዋል፤ ስሕተቱ ዓይኑን አፍጥጦ ያየዋል። በተመላላሽ ክፍል ግን ሕመምተኛው ወረቀቱን ይዞ ይወጣል፤ ስሕተቱም አብሮት ወደ ቤቱ ይሄዳል። ካልተሻለው ወደ እኔ አይመለስም፤ አንዱ ወደ ግል ክሊኒክ፣ አንዱ ወደ ጠበል፣ አንዱ ወደ ሼኹ፣ አቅም ያለው ደግሞ በሚኒባስ ወደ ደሴ ይሄዳል። እኔ ዘንድ የሚመለሱት የዳኑትና ያመሰገኑት፣ ወይም በቀጠሮ መድኃኒት የሚወስዱት ናቸው። ስለዚህ አንድ የተመላላሽ ክፍል ባለሙያ አሥር ዓመት ሙሉ ተሳስቶ አሥር ዓመት ሙሉ እየተመሰገነ ሊኖር ይችላል።

እ.ኤ.አ. በ2005 በአሜሪካ አናልስ ኦቭ ኢንተርናል ሜዲሲን በተባለው መጽሔት ላይ የወጣ አንድ የጥናቶች ግምገማ አለ። ሐኪሞች በሥራ ላይ የቆዩበት ዘመንና የሚሰጡት ሕክምና ጥራት ምን ዓይነት ዝምድና እንዳላቸው የመረመሩ 62 ጥናቶችን ሰብስቦ አይቷል፤ ከእነዚህም በ32ቱ፣ ማለትም ከግማሽ በላይ በሆኑት፣ በተለኩት መለኪያዎች ሁሉ የሥራ ዘመን በረዘመ ቁጥር ጥራቱ ዝቅ ማለቱ ታይቷል። መጀመሪያ ሳነበው ተቆጥቼ ነበር፤ እኛ ሽበትን የምናከብር ሰዎች ነንና «የቆየ ሐኪም ይሻላል» የሚለውን ለማፍረስ አንቸኩልም። የዚያን ወጣት ካርድ ካየሁ በኋላ ግን ነገሩ ሌላ ሆኖ ታየኝ። ልምድ ሰውን የሚያስተምረው የሠራው ሥራ ውጤት ወደ እሱ ሲመለስ ብቻ ነው፤ ካልተመለሰ ግን ልምድ ማለት አንዱን ነገር በየቀኑ ይበልጥ በመተማመን መደጋገም ይሆናል። እኔ ዊዳልን ያመንሁት ስለ ዊዳል ስላነበብሁ ሳይሆን ለዓመታት አምኜው ማንም ስላልተቃወመኝ ነው።

ተከታታይ ሙያዊ ማጎልበቻ የሚባለው ነገር እንግዲህ ይህን ክፍተት ሊሞላ የመጣ ነው፤ የሙያ ፈቃድ እድሳትም ከሥልጠና ነጥብ ጋር እንዲያያዝ ተደርጓል። ሐሳቡን እደግፋለሁ፤ አፈጻጸሙን ግን ከጠረጴዛዬ ላይ ሆኜ ሳየው ብዙ ጊዜ የሚመስለኝ ነጥብ ለቀማ ነው። የአዳራሽ ሥልጠና የወሰደ ሁሉ ሥርዓቱን ያውቀዋል፤ ጠዋት ቅድመ ፈተና፣ ከዚያ ፕሮጀክተር፣ ከዚያ ሻይ፣ ከሰዓት በኋላ በቡድን ውይይት ስም የሚደረግ ወሬ፣ በመጨረሻው ቀን ድኅረ ፈተና፣ ፎቶግራፍና የምስክር ወረቀት። በአበሉ የሚያፌዙ አሉ፤ እኔ አላፌዝም። በነርስ ደመወዝ ልጅ የሚያሳድግ ሰው የአምስት ቀን አበል ማለት ምን ማለት እንደሆነ ያውቀዋል።

የሚያሳዝነኝ ሌላው ነው። የሚላከው ሰው ብዙ ጊዜ ያው አንዱ ሰው ነው፤ እሱ በሄደ ሳምንት ደግሞ የተመላላሽ ክፍሉን ሰልፍ የሚያየው አንድ ሰው ብቻ ይሆናል። ተመልሶ ሲመጣ ያገኘውን ለሌሎቹ እንዲያካፍል ይጠበቃል፤ እሱም ራሱ ከሁለተኛ እጅ የሰማውን ለሦስተኛ እጅ በግማሽ ሰዓት ያስተላልፋል፤ ያመጣው መጽሐፍም ወደ ኃላፊው ቁም ሣጥን ገብቶ ይቆለፍበታል። አንድ ጊዜ ስለ ስኳር ሕመም ከሠለጠንሁ በኋላ በጤና ጣቢያችን የስኳር መለኪያ ስትሪፕ ለወራት ጠፍቶ ነበር፤ ስትሪፑ ሲመጣ የተማርሁትን ግማሹን ረስቼው ነበር።

እውነቱን ለመናገር ግን ከአዳራሽ ምንም አላገኘሁም ብል ዋሾ ነኝ። ሕፃናትን የምናይበት፣ ሁላችንም አይኤምኤንሲአይ የምንለው የተቀናጀ አሠራር ሥልጠና በሕይወቴ ከወሰድኋቸው ሁሉ የበለጠውን ለውጦኛል። ምክንያቱን ደጋግሜ አስቤበታለሁ። ያ ሥልጠና ከአዳራሽ አውጥቶ ሕፃናት ወደሚታከሙበት ክፍል አስገባን፤ አሠልጣኙ ከአጠገቤ ቆሞ የሕፃኗን ሸሚዝ እንድገልጥና አንድ ደቂቃ ሙሉ እንድቆጥር አደረገኝ። ከሁለት ወር እስከ አንድ ዓመት ባለው ሕፃን በደቂቃ 50ና ከዚያ በላይ፣ ከአንድ ዓመት እስከ አምስት ዓመት ባለው 40ና ከዚያ በላይ ከሆነ ፈጣን አተነፋፈስ ነው። እኔ 38 ቆጠርሁ፤ እሱ 46 ቆጠረ። «ሕፃኗ ስትንቀሳቀስ የቆጠርኸውን ተወውና እናቷ አባብላት ስትረጋጋ እንደገና ጀምር» አለኝ። ያን 38 እስከ ዛሬ አልረሳሁትም፤ በስላይድ የታየኝን ግን ሁሉንም ረስቼዋለሁ።

ይህ የእኔ ጠባይ ብቻ እንዳልሆነ በኋላ አነበብሁ። እ.ኤ.አ. በ2018 ላንሴት ግሎባል ሄልዝ ላይ የወጣ ሰፊ ግምገማ፣ በዝቅተኛና በመካከለኛ ገቢ አገሮች የጤና ባለሙያን አሠራር ለማሻሻል የተሞከሩትን መንገዶች አነጻጽሯል። የታተመ ጽሑፍ ብቻ ሲሰጥ የታየው መሻሻል 1.4 መቶኛ ነጥብ፣ ሥልጠና ብቻ ወይም ድጋፋዊ ክትትል ብቻ ሲደረግ ከ10.3 እስከ 15.9፣ ሥልጠናና ክትትል ሲጣመሩ ከ18.0 እስከ 18.8 ነበር፤ ባለሙያዎች በቡድን ሆነው የራሳቸውን ችግር እየለዩ መፍትሔ ሲፈልጉ የታየው ለውጥ ደግሞ፣ በጥንቃቄ መወሰድ ያለበት ቢሆንም፣ ከእነዚህ ሁሉ የበለጠ ነበር። 1.4 የምትለዋን ቁጥር ባየሁ ጊዜ በግድግዳችን ላይ የተለጠፉትን ፖስተሮች ቀና ብዬ ተመለከትኋቸው። አንዱ ፀሐይ በልቶት ነጭ ሆኗል፤ ስለ ምን እንደነበረ የሚያስታውስ ሰው አላገኘሁም።

እኛ እንግዲህ በየሳምንቱ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ ሰልፉ ሲቃለል፣ ካርድ ማየት ጀመርን። በጀት የለውም፤ ቡናውን በየተራ እናፈላለን። የካርድ ክፍሏ ሠራተኛ ካለፈው ወር ካርዶች ዓይኗ ያረፈበትን አሥር ታወጣለች፤ እኛም አንድ በአንድ እያነበብን «ምን ተጠየቀ? ምን ተዳሰሰ? ምን ታዘዘ? ለምን?» እንላለን። በመጀመሪያው ሳምንት ማንም እንዳያፍር ብለን ፊርማውን በወረቀት ሸፍነን ነበር፤ ነገር ግን የሁላችንም የእጅ ጽሑፍ ስለሚታወቅ መሸፈኑ አስቂኝ ሆነና ተውነው። የመጀመሪያውን ካርድ እኔ ራሴ አቀረብሁ፤ የዚያን ወጣት።

ውይይቱ ወዲያው ወደ ዊዳል ሄደ። ካወጣናቸው የትኩሳት ካርዶች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት «ታይፎይድ» ወይም «ታይፎይድና ታይፈስ» የሚል ምርመራ ይዘው፣ መሠረታቸው አንዲት የላብራቶሪ ወረቀት ነበረች። የላብራቶሪ ባለሙያችን ጥግ ላይ ቁጭ ብሎ ሲሰማ ቆይቶ፣ «እኔ የምሠራው ያዘዛችሁኝን ነው፤ ከስላይዱ ላይ ሲረጋ ያየሁትን ጽፌ እሰጣለሁ፤ ውጤቱን እንደ ፍርድ ቤት ውሳኔ የምትወስዱት እናንተ ናችሁ» አለ። ዝም አልን። ዊዳል እ.ኤ.አ. በ1896 የተጀመረ ምርመራ ነው፤ የሚያሳየው ባክቴሪያውን ሳይሆን ሰውነት ያመረተውን ፀረ እንግዳ አካል ነው። ያ ፀረ እንግዳ አካል ከዓመታት በፊት ካለፈ ሕመም፣ ከክትባት፣ ከወባ ወይም ከሌላ ኢንፌክሽን የመጣ ሊሆን ይችላል፤ ትርጉም እንዲኖረው ከተፈለገም በቀናት ልዩነት ሁለት ጊዜ ተወስዶ አራት እጥፍ መጨመሩ መታየት ነበረበት። ለታይፈስ የምናዘው ዌይል ፊሊክስም እ.ኤ.አ. ከ1916 ጀምሮ ያለና ከዚህ ብዙ የማይሻል ነው። ካላዛር ደግሞ የሰውነትን ፀረ እንግዳ አካላት ያለ ልክ የሚያበዛ በሽታ ስለሆነ እንዲህ ያለውን ምርመራ ሊያሳስት ይችላል። የዚያ ልጅ 1:160 ምናልባት ካላዛሩ ራሱ ነበር ማለት ነው፤ በሽታው በወረቀት ላይ ተጽፎ ከፊቴ ቀርቦ እኔ በሌላ ስም አነበብሁት።

ማወቅ አንድ ነገር፣ መተው ግን ሌላ ነው። ሕመምተኛው «ደሜን ሳታዩ?» ይላል፤ ያለ ደም ምርመራ የታየ እንዳልታየ ነው። አንዲት ነርስ ለአንድ አባት ዊዳል ሳታዝ ስትቀር፣ ሰውየው ከደጅ ወጥተው «ልጅቱ ገና አልበሰለችም» ብለው ለተራ ጠባቂው ሁሉ ተናገሩባት። ስለዚህ ከእውቀቱ ጎን ለጎን ቃላቱንም መለማመድ አስፈለገን፦ «አባቴ፣ ደምዎን ለወባና ለግርሻ አይተነዋል፤ ያኛው ምርመራ ግን ያለፈውን ከአሁኑ አይለይም፤ በሦስተኛው ቀን ካልተሻለዎት ያለ ተራ ግቡና እኔን ጠይቁ።» «ያለ ተራ» የምትለዋ ከሁሉም በላይ ሠርታለች። ሰዎች ካልተሻላቸው ወደ ሌላ ቦታ መሄዱን ትተው ወደ እኛ መመለስ ጀመሩ፤ እኛም የመጀመሪያውን ግምታችንን ስሕተት ማየት ጀመርን። ሲፕሮፍሎክሳሲን ማዘዛችን ቀንሷል፤ በምን ያህል እንደቀነሰ ግን ገና አልቆጠርንም፤ መቁጠርም አለብን።

ሁለተኛው ነገር የደም ግፊት ነበር። እዚህ ብዙ መናገር አያስፈልግም፤ ሁላችንም እናውቀዋለን፣ ሁላችንም አናደርገውም። ሰው አምስት ደቂቃ አርፎ፣ ጀርባውን ደግፎ፣ እግሩን ሳያነባብር፣ ክንዱ በልቡ ትክክል ሆኖ፣ ሳያወራ መለካት አለበት፤ ቡና ከጠጣም ግማሽ ሰዓት መቆየት ይኖርበታል። እኛ ግን ዳገቱን ወጥተው ገና ትንፋሻቸው ያልተመለሰ እናትን በአንድ እጃችን እየጻፍን በሌላው እንለካለን፤ እየለካንም «ስንት ልጅ አለዎት?» እንላለን። በወሎ ደግሞ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ሳይጠጣ ከቤቱ የሚወጣ ሰው ጥቂት ነው፤ ጫትም ግፊትን እንደሚያስነሣ እያወቅን «ዛሬ ቅመዋል?» ብለን የምንጠይቀው ከስንት አንዴ ነው። በአንድ ልኬት ብቻ የዕድሜ ልክ መድኃኒት የተጀመረላቸው ካርዶች አገኘን። አሁን ሁለት ወንበር ከበሩ ውጭ አስቀምጠን «የማረፊያ ወንበር» ብለናቸዋል፤ ሰው ግን ወረፋው የሚያልፈው እየመሰለው አይቀመጥባቸውም።

ረዘም አድርጌ መናገር የምፈልገው ስለ ጾም ነው፤ ምክንያቱም ይህን በትምህርት ቤትም ሆነ በአዳራሽ ማንም በቅጡ አላስተማረኝም፤ ወሎ ውስጥ ደግሞ ሳያውቁት ስኳር ማከም አይቻልም። በአንድ ረመዳን ከሰዓት በኋላ አሥር ሰዓት ላይ አንዲት እናት ልጃቸው ደግፏቸው መጡ። ላብ አጥምቋቸዋል፤ እጃቸው ይንቀጠቀጣል፤ ንግግራቸው ተሳስሯል። ስኳራቸው 48 ነበር። ስኳር የሚያወርደውን ክኒናቸውን፣ ግሊቤንክላማይድን፣ እንደ ልማዳቸው ጎሕ ሳይቀድ ከሚበላው ከሰሁር ጋር ውጠው ቀኑን ሙሉ ጾመዋል። ነፍሳቸው ከተመለሰ በኋላ «እማማ፣ እንዳይጾሙ ተነግሮዎት አልነበረም?» አልኋቸው። «ተነግሮኝ ነበር ልጄ፤ ያ ያለኝ ልጅ ግን ‹አትጹሚ› ብሎኝ ዝም አለ፤ ብጾምስ እንዴት አድርጌ ልጹም አላለኝ» አሉኝ።

በሐሙስ ውይይታችን ላይ ይህን ካርድ ሳቀርብ ከአንዲት ባልደረባችን በስተቀር ሁላችንም «አትጹሚ» ብለን የምናቆም እንደነበርን ታወቀ። እሷ ሙስሊም ናት፤ የራሷ እናት ስኳር አለባቸው። ቀጥሎ ስለ ስኳርና ረመዳን የተዘጋጀውን ዓለም አቀፍ መመሪያ ከስልክ ላይ አውርደን አነበብን። ግምገማው ከረመዳን ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ቀድሞ እንዲደረግ ይመክራል፤ በእኛ አነጋገር ከረጀብ መግቢያ እስከ አጋማሹ ማለት ነው። ማን ቢጾም አደጋው ከባድ እንደሆነ፣ ማን ደግሞ በክትትል ሊጾም እንደሚችል ይለያል፤ በቀን አንዴ የሚወሰደው ግሊቤንክላማይድ ወደ ማፍጠሪያው እንዲዞር፣ ሁለቴ ለሚወስድ ደግሞ የሰሁሩ መጠን እንዲቀነስ ይታያል፤ ሌላው የስኳር ክኒን ሜትፎርሚን ለብቻው ስኳርን ያን ያህል እንደማያወርድ ይታወቃል፤ ስኳሩ ከ70 በታች የወረደ ወይም ከ300 በላይ የወጣ ሰው ደግሞ ጾሙን መፍታት አለበት። የቀረው ችግር፣ ሰው ጣቱ ተወግቶ ሲለካ ጾሙ የሚፈርስ የሚመስለው መሆኑ ነበር፤ ለዚህ የአካባቢያችንን መስጊድ ኢማም ለመንናቸው፣ እንደማያፈርስ በጁምዓ አስረዱልን። በዚያ ዓርብ የሰጡት አሥር ደቂቃ እኔ ከሰጠሁት የአንድ ዓመት ምክር በልጧል። ያው ነገር በሑዳዴም አለ፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾሙ ክርስቲያን ታካሚዎቻችን የጠዋቱን ክኒን በባዶ ሆድ ውጠው ቅዳሴ ይቆማሉ፤ ስለ እነሱ ግን የተጻፈ ነገር ስላላገኘን ከረመዳኑ እየተዋስን እንሠራለን።

«ሁሉን ከራሳችሁ ካርድ መማር ይቻላል ወይ?» ያለኝ ወዳጅ አለ፤ አይቻልም። አምስት ሰዎች የማያውቁትን አምስት ሰዎች ቢወያዩበት እውቀት አይሆንም። ለዚህ ነው በኒው ሜክሲኮ ዩኒቨርሲቲ ዶክተር ሳንጂቭ አሮራ እ.ኤ.አ. በ2003 የጀመሩት ኢኮ የተባለው አሠራር የሚማርከኝ። በገጠር ያሉ የመጀመሪያ ደረጃ ሐኪሞች በየሳምንቱ በቪዲዮ ከስፔሻሊስቶች ጋር ተገናኝተው የራሳቸውን ሕመምተኛ ጉዳይ ያቀርባሉ፤ ስፔሻሊስቱም ሕመምተኛውን ሳይወስድባቸው እነሱን ያስተምራል። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመው ውጤት እንደሚያሳየው ሄፓታይተስ ሲን በዩኒቨርሲቲው ክሊኒክ ከታከሙት 57.5 በመቶው፣ በገጠሮቹ ሐኪሞች ከታከሙት ደግሞ 58.2 በመቶው ተፈውሰዋል። እኛ እንዲህ ያለ መሥመር የለንም። ያለን አንዲት ስልክ ናት፤ አብሮኝ የተማረና አሁን ደሴ ውስጥ ሐኪም የሆነ ልጅ ሐሙስ አመሻሽ ላይ ይደውልልንና ስፒከር ላይ አድርገን እንጠይቀዋለን። የቆዳ ነገር ሲሆን ፎቶግራፍ እንልካለን፤ ስሜት የማይሰማበት ነጣ ያለ ምልክት አይተን፣ ሥጋ ደዌ ጠርጥረን ጊዜ ሳናጠፋ ወደ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል የላክነው ሰው አለ። መብራት ሲጠፋ ኔትወርኩም ስለሚጠፋ ከአራት ሐሙስ አንዱ ያለ ስልክ ያልፋል። ለዚህ ሁሉ ነጥብ አይሰጠንም፤ ፈቃዴን ለማሳደስ ዘንድሮም አዳራሽ መሄዴ አይቀርም።

በስልክም በካርድም ያልተፈታልን የሪፈር ወረቀት ነው። ሕመምተኛ ስንልክ ከወረቀቱ በታች ለመልስ የተተወ ባዶ ቦታ አለ፤ ምን እንደተገኘ፣ ምን እንደተደረገ የሚጻፍበት። እኔ ከላክኋቸው ያ ቦታ ተሞልቶ የተመለሰልኝ በጣም ጥቂት ነው። አሁን የሕመምተኛውን ወይም የቤተሰቡን ስልክ በፈቃዳቸው በደብተር እንጽፍና በሁለተኛው ሳምንት እንደውላለን። «ጤና ጣቢያ ነው የሚደውለው?» ብለው የሚደነግጡ አሉ፤ አንዳንዱም የሆነ ዕዳ የሚጠየቅ መስሎት ይዘጋዋል። የሚያነሡት ግን የሚነግሩን ነገር ብዙ ነው።

ያ ወጣት ድኖ በሰኔ መጣ፤ ክብደቱ ተመልሶ፣ ሐምሌን ወደ መተማ ልውረድ ወይስ ልቅር ብሎ ሊያማክረኝ። ሌላ ሥራ እንደሌለው ስለማውቅ «አትሂድ» ብዬ ዝም ማለቱ አሳፈረኝ፤ የእማማ ቃል ትዝ አለኝ። በመድኃኒት የተነከረ አጎበር ይዞ እንዲሄድ፣ ቢቻለው ከግራሩ ሥር ርቆ እንዲተኛ፣ ትኩሳት ከያዘው ደግሞ ለሚያየው ሐኪም ሁሉ ሳይጠየቅ «መተማ ከርሜ ነው የመጣሁት፤ ካላዛርም ይዞኝ ነበር» ብሎ እንዲጀምር ነገርሁት። ወረቀት ላይ ጻፍልኝ አለኝ፤ ጻፍሁለት።

በዚህ ሳምንት ካርድ አቅራቢው ተረኛ እኔ ነኝ። የካርድ ክፍሏ ሠራተኛ ካወጣችልኝ መካከል የአንዲት የስምንት ወር ሕፃን ካርድ አለ። «ሳልና ትኩሳት፣ ሁለት ቀን» ይላል፤ አሞክሳሲሊን ታዝዟል፤ የአተነፋፈስ ቁጥር የሚጻፍበት ቦታ ባዶ ነው፤ ፊርማው የእኔ ነው።